ሬሳውን ማን አየ?

ጋሽ መኩሪያን ሞቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከዳቦ ቤት ስመለስ እንደ ልማዴ የእሱን ድርሻ በመስኮት ላቀብለው ጠራሁት፤ መልስ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ስገባ ሬዲዮው ብቻውን ያወራል። ጋሽ መኩሪያ ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል፤ አንድ እግሩ ከነጠላ ጫማው ወጥቷል። "ጋሼ" ብዬ እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጮኾ ሰፈሩን ያስነሳ ነበር። እኔ ግን አልጮኽኩም። ዳቦውን በፌስታል እንደያዝኩ ፊት ለፊቱ ቆሜ ፊቱን አየሁት፣ ጎንበስ ብዬ ትንፋሹን አዳመጥኩ፣ ደግሜ አየሁት። ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ የገባኝ ኋላ ነው። ይሄ ሰውዬ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ "ሬሳውን ማን አየ?" ይላል። ስንቱን አስቆጥቶባታል፣ ከስንቱ ተጣልቶባታል። አሁን ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ ቢመጣ መልሱ እኔ ነኝ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ለእሱ ግራውንድ፣ ለኔ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጎሚስታ ነበር፤ የመኪና ጎማ ሲጠግን ነው ያረጀው። እጆቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ጥቁረታቸው በሳሙና የሚለቅ አልነበረም። ጎማ እየነከረ ቀዳዳ የሚፈልግባትን የብረት ገንዳ ከነዝገቷ ተሸክሟት መጥቶ በረንዳው ላይ ጤና አዳም ተከለባት። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አፍ ግን ነበረው። መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን አንቱ ብለው "ምነው፣ ልትቀብሪኝ ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ወዲያ አንተ ነው ያልኩት።

ድሮ ደንበኛው የነበረ አንድ ባለታክሲ እንደነገረኝ፣ ቸኩሎ "ጋሼ፣ ዝም ብለህ ንፋልኝና ልሂድ" ያለውን ሰው ከነመኪናው ያባርር ነበር አሉ። "ቀዳዳውን ሳላይ አልነፋም። መንገድ ላይ ቀርተህ እኔን ልትሰድብ?" ይላል። የውስጡን ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ ከጎማው ሆድ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ያገላብጠዋል፣ አረፋ እስኪያይ ድረስ ፕሬዚዳንት ቢመጣም ቀና አይልም። ግትር ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ጎረቤት ማድረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የሚገርመው ይሄ ሰው የእድራችን መርዶ ነጋሪ መሆኑ ነው። መርዶ መንገር ለማንም አይሰጥም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነጋሪው ከተሳሳተ ተመልሶ አይታረምም። ጎረቤት ጎህ ሲቀድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሰበሰባል፣ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ተኝቶ ይነሳ ተብሎ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ተመርጦ ይገባል። ጋሽ መኩሪያ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠጣ ውሃ ስጡኝ ይላል። ውሃውን አይጠጣውም፤ ከሐዘንተኛው እጅ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ይቀመጣል። "ስሚኝ እህቴ" ይላል። ዝም ይላል። "ስሚኝ" ይላል እንደገና። በሁለተኛው ላይ ሰው ራሱ ያውቀዋል፤ ለነጋሪው የሚቀረው የሟቹን ስም መጥራት ብቻ ነው።

የኔንም አባት መርዶ የነገረኝ እሱ ነው። አባቴ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ እህቴ ቤት ሳለ ነው ያረፈው። ጋሽ መኩሪያ በሌሊት እዚያ ሄዶ፣ አባቴን አይቶ፣ ተመልሶ ነው በሬን ያንኳኳው። ውሃውን አስቀመጠ፣ ስሚኝ አለኝ፣ ስሚኝ አለኝ። ከዚያ "አይቼዋለሁ። ፊቱ ደህና ነበር" አለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙም አላስታውስም፤ ይቺ "ፊቱ ደህና ነበር" ግን እስከ ዛሬ ታስተኛኛለች። አባቴን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ደህና ፊት ነው፤ እኔ አላየሁትም፣ ጋሽ መኩሪያ ግን አይቶልኛል።

ታዲያ ሳያይ አይነግርም። ሬሳ ካላየ ወይም ሬሳውን በዓይኑ ያየ ሰው አምጥተው ካላቆሙለት ከቤቱ አይነቃነቅም። ጎረምሶቹ "ጋሽ ሬሳው" ብለው ስም አወጡለት። ሰምቷል፣ ይስቃል። እኛም የሽማግሌ አመል ነው እያልን እንስቅ ነበር፣ የእትዬ አስካለ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

እትዬ አስካለ አራተኛ ፎቅ፣ ከኔ በላይ ነው የምትኖረው። አንድ ልጇን ሄኖክን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ሄኖክ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ፣ ከዚያ ባሕር ሊሻገር ነው ተባለ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። አንድ ቀን አብሮት የነበረ ልጅ ጣሊያን ደርሶ ለእድራችን ሊቀመንበር ለአቶ ፈለቀ ልጅ ደወለ። ሄኖክ የተሳፈረባት ጀልባ ስትሰምጥ ከሌላ ጀልባ ሆኖ አይቷል። በቃ፣ አለቀ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ብርድ ነው፣ ሁላችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። ማንም ቀና ብሎ አራተኛ ፎቅን ለማየት አልደፈረም። አቶ ፈለቀ የጋሽ መኩሪያን በር አንኳኩ። ወጣ። ነገሩን ነገሩት።

"ሬሳውን ማን አየ?" አለ።

"መኩሪያ፣ ባሕር ነው'ኮ የምንልህ! ከባሕር ውስጥ ምን ሬሳ ይመጣል?"

"እንግዲያው ማንም አላየም።"

"ጀልባው ሲሰምጥ በዓይኑ ያየ ልጅ አለ!"

"ጀልባ ነው ያየው። ሄኖክን አላየም።"

አቶ ፈለቀ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ተቆጡ። "አንተ ካልነገርካት እኔ ራሴ እነግራታለሁ" ብለው ወደ ደረጃው አመሩ። ጋሽ መኩሪያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀድሟቸው ሄዶ ደረጃው ላይ ቆመ። ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ ግራና ቀኝ የብረት ድጋፉን ያዘ። ሰባ ዓመት የተጠጋ ሰውዬ፣ በፒጃማ ሱሪ፣ በባዶ እግሩ። "እኔን ረግጣችሁ ነው የምታልፉት" አለ። በሕይወቴ እንዲህ የደነገጥኩበት ቀን የለም፤ ቀልደኛው ጎሚስታ ፊቱ የሌላ ሰው ሆኖብኛል።

አልረገጥነውም። ተበተንን። አንዷ ሴትዮ እየሄደች "ልጅ ያልወለደ ምን ያውቃል!" ብላ ጣል አደረገችበት። ሰምቷታል። እኔም በልቤ ከሷ ጋር ነበርኩ፣ ለምን ልዋሽ።

በሳምንቱ እሁድ ወደ ቤቴ ወጥቶ "ሰናይት፣ አስካለን ይዘሽልኝ ነዪ። የሆነ ቦታ ላሳያት ነው" አለኝ። የት ብለው አልነገረኝም። ታክሲ ተሳፈርን። ረዳቱ "ጥቁር አንበሳ ወራጅ!" ሲል ጋሽ መኩሪያ ተነሳ፣ እትዬ አስካለ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

"ሆስፒታል ነው የምትወስዱኝ?"

"የታመመ ሰው የለም፣ እህቴ። ድንጋይ ነው የማሳይሽ" አላት።

ትግላችን ሐውልት ነው የወሰደን። ፒያሳ ስለምሠራ በየቀኑ በታክሲ መስኮት አየዋለሁ፤ ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ አለ፣ የደርግ ነገር ነው፣ ከዚህ ያለፈ አላውቅም ነበር። ልደታ ተወልጄ ያደግኩ ሴትዮ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ እግሬን አስገብቼ አላውቅም። ከሥሩ ሲቆሙ ለካ አንገት ያማል። እሁድ ስለሆነ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ፍቅረኞች ጥግ ላይ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይበላሉ።

ጋሽ መኩሪያ በዝግታ አስዞረን። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት የተሠራ መሆኑን ከእሱ ነው የሰማሁት። ከኩባ ባሕር አቋርጠው መጥተው ከኛ ጋር የተዋጉ ልጆች ፎቶ እዚያ አለ። አንድ በአንድ፣ ፊት ፊታቸው። ወጣቶች ናቸው። አንዱ ጆሮው ወደ ጎን ወጣ ወጣ ያለ፣ ፈገግ ሊል ሲል ያነሱት የሚመስል ነው። ጋሽ መኩሪያ እሱ ጋ ቆመና "የዚህ ልጅ እናት ያለቀሰችው ከባሕር ማዶ ሆና ነው" አለ። እትዬ አስካለ ፎቶውን አተኩራ አየችው። የማታውቀው ፊት ነው፤ ግን እንደምታውቀው ሰው ነው ያየችው።

"የኛዎቹስ ፎቶ?" አልኩ እኔ።

"እኛን ማን ፎቶ ያነሳን ነበር?" አለኝ።

*እኛን* ሲል ሰምቼ ዞር ብዬ አየሁት። ስንት ዓመት ዳቦ ሳቀብለው መዝመቱን አላውቅም ነበር።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ነገረን። ለእናቱ አንድ ልጅ ነበር። ሚሊሻ ሆኖ ዘመተ። አንድ ቀን የተሳፈሩበት መኪና ተመታና ነደደ። እሱ ቀድሞ ተወርውሮ ወድቆ ነበር፤ ተማረከ። የሰፈሩ ልጅ ከሩቅ ሆኖ መኪናው ሲነድ አየ። ያ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ለሽማግሌዎች ነገረ፣ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ለእናቱ መርዶ ነገሩ። እናቱ አለቀሰች። ተዝካሩን አወጣች። ከዚያ መብላት ተወች። ዓመቱን አልጨረሰችም።

"እኔ ሶማሊያ እስር ቤት ቁጭ ብዬ 'እናቴ ትጠብቀኛለች' እላለሁ" አለ። "ያ ነው ያኖረኝ። ተፈትተን ስንመጣ እሷ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው።"

ሰፈር ሲደርስ ያየችው የመጀመሪያዋ ጎረቤት ጮኻ ወደቀች። ሌላዋ ጠበል ይዛ መጥታ ረጨችው። "ፊቴ በጠበል እንደራሰ እናቴስ አልኩ። በቀን፣ መንገድ ላይ፣ ሁሉም ባንዴ ነገሩኝ። የኔን መርዶ እንኳ በወግ የነገረኝ የለም።" ይቺን ሲል ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አባቴን ያረዳኝ፣ ስንቱን ያረዳ ሰው፣ እሱ ራሱ የተለቀሰለት ሙት ነው።

"ያ ልጅ አልዋሸም" አለ። "መኪናው ሲነድ አይቷል። ሬሳዬን ግን አላየም። እናቴን የገደላት ጦርነቱ አይደለም፤ መርዶው ነው። ይሄ ሐውልት ሲሠራ እኔ እስር ቤት ነበርኩ። ለሞቱት ነው የቆመው። በሰፈሬ ሒሳብ እኔም ከነሱ ነኝ።"

ያኔ ነው የነቃሁት። አንድም ጊዜ የሄኖክን ስም ሳይጠራ ሁሉን ነግሯታል! እትዬ አስካለን ለማየት ፈራሁ። ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። በአንገቷ በገመድ የምታንጠለጥለው ስልክ አላት፤ ሄኖክ ከጠፋ ጀምሮ ባትሪው አንድም ቀን አልቆ አያውቅም። ያንን ስልክ በመዳፏ ያዘችው።

"መኩሪያ" አለች፣ "መጋረጃውን ገልጬ አየኋችሁ'ኮ። ያን ዕለት ጠዋት። ነጠላ አዘቅዝቃችሁ ለሠርግ አትመጡም።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ቤቷ እየገባን "ሰላም ነው? ልጁስ ደወለ?" ስንላት፣ "ይደውላል" ስትለን ከረምን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

"ደረጃው ላይ ስትቆምም ሰማሁህ" አለችው። "ደግ አደረግክ። እናንተ ከነገራችሁኝ ልጄ ይሞታል። ካልነገራችሁኝ አልሞተም። ግን መኩሪያ... ባሕር ሬሳ አይመልስም። ባይደውልስ? በምኑ ላይ ላልቅስ? አፈር የለው፣ ሳጥን የለው። እንዲሁ ታፍኜ ልሙት?"

ጋሽ መኩሪያ ጥቁር እጁን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። "እንግዲያው እኔን ጠብቂኝ" አላት። "እኔ ሬሳ አለኝ፤ ሩቅም አይደለም። እስከዚያ ከደወለ እሰየው። ካልደወለ በኔ ላይ አልቅሺው። የፈለግሽውን ስም ጥሪ፣ እኔ አልቆጣም።"

"በስመአብ! ሟርተኛ!" ብላ ትከሻውን መታችው። እሱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ፣ ኦቾሎኒ የሚበሉት ልጆች ዞረው እስኪያዩን ድረስ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ይሄ ምን ጉድ ነው እላለሁ። በሙታን ሐውልት ሥር የሚሳቅ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ክረምት አለፈ። ስልኩ አልጠራም። ሰፈሩ ሐሜቱን አላቆመም፤ መኩሪያ ሴትየዋን አንጠልጥሎ አስቀራት ይላል። እኔ ራሴ አንዳንድ ቀን እትዬ አስካለ ስልኳን ይዛ በደረጃ ስትወርድ ሳያት፣ ተነግሯት ቢወጣላት አይሻልም ነበር ወይ እላለሁ። ጋሽ መኩሪያን አንድ ቀን ጠየቅኩት። ጤና አዳሙን ውሃ እያጠጣ "አላውቅም" አለኝ። ከእሱ አፍ "አላውቅም" ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አቶ ፈለቀ እንደ ልጅ አለቀሱ። ከዚያ "ለአስካለስ ማን ይንገራት?" ተባለ። መርዶ ነጋሪያችን ራሱ ሞቶብን እርስ በርስ ተያየን። እሷ ልደታ ማርያም ቅዳሴ ላይ ናት። "እኔ ልንገራት" ሲል የሰማሁት ድምፅ የራሴ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ከግቢው በር ላይ ጠበቅኋት። ነጭ ለብሳ መጣች፤ ሰዉን አየች፣ ቆመች። ክንዷን ይዤ የጥበቃው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ውሃ አስመጣሁ፣ ከእጇ አጠገብ አደረግኩት።

"ስሚኝ እትዬ።"

ስልኳን ጨበጠች። ዓይኗ አፌ ላይ ነው። ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ።

"ስሚኝ። ጋሽ መኩሪያ ነው።"

ከዚያ በቀስታ "ሬሳውን ማን አየ?" አለችኝ።

"እኔ አየሁት። ፊቱ ደህና ነበር።"

"ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። ውሃውን ጠጣች። አላለቀሰችም። ወደ ቤቷ ወጥታ ነጩን አውልቃ ጥቁር ለብሳ ወረደች፣ ስልኳ አንገቷ ላይ አልነበረም።

ከሰዓት ሬሳው ከድንኳኑ ፊት ወጣ። ሴቶቹ "መኩሪያ፣ ወንድሜ" እያሉ ያለቅሳሉ። እትዬ አስካለ በመሀል ሰንጥቃ ገብታ ሳጥኑ አጠገብ ቆመች፣ ሁለት እጇን አነሳች፣ ደረቷን መታች።

"ሄኖኬ!" አለች።

የሚያለቅሱት ሁሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አቶ ፈለቀ ወደኔ ዞረው "ተሳሳተች እንዴ?" አሉኝ። እንዳልተሳሳተች ራሴን ነቅንቄ ነገርኳቸው፤ ገባቸው መሰለኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

*ውሃ ላይ የቀረህ፣ አፈር ያላገኘህ፣*
*ከመኩሪያ ጎን ቦታ ለመንኩልህ።*

ያኔ ሴቶቹ ተቀበሏት። ያች ደረጃው ሥር "ልጅ ያልወለደ ምን ያውቃል" ያለችው ሴትዮ ከሁሉ በላይ ጮኻ "ሄኖክዬ" ትላለች። ሐዘንተኛው ሁሉ በጎሚስታው ሳጥን ላይ የአስካለን ልጅ አለቀሰ። ሰዓቱ ሄደ። ቄሶቹ ሰዓታቸውን አዩ፣ ተሸካሚዎቹ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን ሊያነሱ ሲሉ እትዬ አስካለ መዳፏን ክዳኑ ላይ ጫነች።

"ቆዩ" አለች። "ገና አልጨረስኩም።"

ሰዎቹ እጃቸውን መለሱ። ጋሽ መኩሪያም ጠበቃት።